ያልተቆረጠው ድምፅ

ሌላው ሰው "እወድሻለሁ" ሲባል ወይ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ነው፣ ወይ ዝናብ እየዘነበበት ነው፤ ቢያንስ ቢያንስ ፀጉሩን አበጥሮ ነው። እኔ የተባልኩት እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እግሬን ፎጣ ክምር ላይ ሰቅዬ፣ አፌ በሩዝ ተወጥሮ፣ ከስድስት ሺህ ሰው ጋር እኩል ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ቃሉ የማን እንደሆነ የገባው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ሩዙን መዋጥ አቅቶት ነበር።

ኮዙኤ እባላለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሃይስኩል የቆየሁት ሰባት ወር ነው፤ እኔም አላዘንኩ፣ ሃይስኩሉም አላዘነ። ቀን ቀን እናቴ በምትሠራበት የኢማባሪ ከተማ ፎጣ ወርክሾፕ የተመዘዘ ክር እየፈለግሁ እቆርጣለሁ። በቀረው ሰዓት ከወርክሾፑ በላይ ባለችው ክፍላችን ጌም እሠራለሁ። ተኩስ የለበትም፣ ሩጫ የለበትም። የሚነበብ ጌም ነው፤ ሥዕል ይመጣል፣ ከሥዕሉ ሥር ጽሑፍ ይመጣል፣ ጽሑፉን አንድ ወንድ በድምፁ ይልሻል፣ ጠቅ ስታደርጊ ቀጣዩ ይመጣል፤ አልፎ አልፎም "ልሂድ ወይስ ልቅር" ብሎ ያስመርጥሻል። ስሙ "ድልድዩ ሳይዘጋ" ነው። ታሪኩን እኔ ጻፍኩት፣ ሥዕሉን እኔ ሳልኩት፣ ቁልፎቹን እኔ ሠራኋቸው። የኔ ያልሆነው የድልድይ ጠባቂው ድምፅ ብቻ ነው።

ብቻውን የሠራ ሰው ብቻውን ይለፍፋል። ለምሳ ስንወጣ መጸዳጃ ቤት እገባና በስልኬ ኢንተርኔት ላይ ከጌሙ አንድ ሥዕል እለጥፋለሁ። "ሃያ ቀን ቀረው።" በነጋታው፣ "ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ቀረው።" ዐሥራ አንድ ሰው ይወድልኛል፤ ከዐሥራ አንዱ ሦስቱ ፎጣ ነጋዴዎች ናቸው፣ የብዕር ስሜ "ፎጣ" ስለሆነ ፎጣ የምሸጥ የመሰላቸው። በቀጥታ ስርጭት ጌም እየተጫወቱ ለሚያሳዩ ስልሳ አራት ሰዎች ቅምሻውን፣ ማለትም በነጻ የሚሰጠውን የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ ሞክሩልኝ ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱ መለሱ። አንደኛው ለሌላ ሰው የጻፈውን መልስ በስሕተት ለኔ ልኮ ነው። ሁለተኛዋ ራሙኔ ናት።

ራሙኔን የማያውቃት የለም። ስትጫወት ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ገጸ ባሕርዮቹን እንደ ጎረቤት ትሳደባለች። ያን እሑድ ጌሙ ሊወጣ ሰባት ቀን ሲቀረው ቅምሻዬን ከፈተችና ሁለት ሰዓት ተኩል ተጫወተች። የምዕራፉ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ሻይ ላፍላ ብላ ጌሙ ራሱ እንዲሄድ አድርጋው ተነሣች።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በጣት ጠቅ ካደረጋችሁ ድምፁ ይቋረጥና ቀጣዩ ይመጣል፤ ቅምሻውን እስከዚያን ቀን የሞከረው ሁሉ ያለፈው እንደዚያ ነው። ራሱ ሲሄድ ግን ጌሙ ጨዋ ነው፤ ድምፁ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ባዶ ወንበር ይታያል። ድልድዩ ይታያል። ጠባቂው በዚያ ወፍራም ድምፁ እኔ የጻፍኩለትን አለ፤ "ነገ ድልድዩ ይዘጋል። ከመዘጋቱ በፊት ተሻገሪ።" ከዚያ ዝም። ቀጣዩ አልመጣም። ተመልካቾቹ "ቆመ" ይላሉ፣ "ተበላሸ" ይላሉ፣ "ሦስት ዓመት ሠርታ ይሄ ነው?" ይላሉ። እኔ የሩዝ ኳሴን ነክሼ ቀርቻለሁ። ሃያ አንድ ሴኮንድ። አሁን ቆጥሬው ነው፤ ያኔ አንድ ክረምት ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ አንድ ሰው ትንፋሹን ሳበ። ድምፁ የጠባቂው አልነበረም። ቀጭን ነው፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

"ኮዙኤ። ይሄ አንቺ የጻፍሽው አይደለም። ዐሥራ ስምንት መቶ ጊዜ ስምሽን ሳልጠራ ሳወራሽ ከረምኩ። አንዴ ልጥራው ብዬ ነው። እወድሻለሁ። ካልፈለግሽው ቁረጪውና ጣይው፣ አልቀየምም።"

እንደኔ ባለ ጌም ውስጥ የጀግናዋን ስም የምትጽፈው ተጫዋቿ ራሷ ናት። ስለዚህ ወንዱ "አንቺ" ብቻ ይላል፤ ስም ጠርቶ አያውቅም፣ ሊጠራም አይችልም። ስድስት ሺህ ሰው ያንን ያውቃል። ራሙኔ ኩባያዋን ይዛ ንግግሩ መሃል ላይ ደርሳ ነበር፤ ቆመች፣ ተቀመጠች፣ ሻይዋን ሳትቀምስ ማልቀስ ጀመረች።

እኔ አላለቀስኩም። ጥጉ ላይ ወዳለው ኮምፒዩተሬ ሄጄ የፋይሉን ርዝመት አየሁ። አምስት ወር ሙሉ አጠገቤ ነው የኖረው።

* * *

ሃሩኦሚን ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በፊት ኦሳካ ነው፤ የየራሳችንን ሥራ ይዘን ጠረጴዛ በምንከራይበት አዳራሽ። የጠረጴዛ ግማሽ ነበረኝ። ከግራዬ ያለችው ሴት ፊት ሰልፍ፣ ከቀኜ ካለው ልጅ ፊት ሰልፍ፣ ከኔ ፊት ነፋስ። ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ልጅ መጣና የጌሜን የጽሑፍ ናሙና አንሥቶ ሁለት መስመር ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ። የኔ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግን እንዲህ ያምራል ብዬ አላውቅም ነበር።

"ይሄ ሰውዬ ድምፅ አለው?" አለኝ።

"እስካሁን አልነበረውም" አልኩት። ቀላሁ፤ ደግሞ መቅላቴ ስላናደደኝ የባሰ ቀላሁ።

የድምፅ ትወና ተማሪ ነበር። እዚያ አዳራሽ ሰው ሰውን ሲጎበኝ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ብስኩት ቢጤ በከረጢት ያስቀምጣል። በቀጣዩ ዝግጅት የሱ ከረጢት ውስጥ ከብስኩቱ ሥር ደብዳቤ ነበር። እኔም መለስኩ። እንዲያ እንዲያ እያልን በሦስተኛው ደብዳቤ እውነተኛ ስማችንን ተነጋገርን። ሁሉም በብዕር ስሙ በሚኖርበት ዓለም ይሄ እጅ ለእጅ ከመያያዝ ይበልጣል። ደብዳቤውን ሦስት ቀን ወርክሾፕ ይዤው ዋልኩ፣ በመቀስ ኪሴ ውስጥ።

ድምፁን ቶኪዮ ባለችው ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቀዳልኝ፤ በጌሙ ላይ "ካሳሳጊ" በሚል ስም። በመሃል አንድ ትልቅ የተዋንያን ቢሮ ወሰደውና በአንድ የቴሌቪዥን አኒሜሽን የዋናውን ገጸ ባሕርይ ድምፅ የመሥራት ዕድል አገኘ። የቢሮው ሕግ ሁለት ነው፤ በሌላ ስም መሥራት የለም፣ ሦስት ዓመት ፍቅር የለም። እሱ ግን ቃል ገብቼልሻለሁ ብሎ የቀረውን ተደብቆ ጨረሰልኝ። የመጨረሻው ጥቅል ሲደርሰኝ ቅምሻው ሊወጣ ሁለት ቀን ነበር የቀረው። ታዲያ ዐሥራ ስምንት መቶ ዐሥራ ሁለት ፋይል እስከ መጨረሻው የሚሰማ ማን አለ? ፕሮግራሙ ከፊትና ከኋላ ያለውን ዝምታ ቆርጦ ይጥላል፣ መሃሉን አይነካም። ሰው መጀመሪያውን ሁለት ሴኮንድ ይሰማና ደህና ነው ብሎ ያልፋል። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። ፋይል 1812፣ በስተመጨረሻ የቀዳው የመጀመሪያው ምዕራፍ መዝጊያ፣ ደህና። የአንድ ሰው ልብ ላይ ምልክት አድርጌ አለፍኩ።

ከሳምንት በኋላ አጭር መልእክት መጣልኝ። "ስለ መጨረሻው ቅጂ ምንም ባትዪ ይሻላል። ጌምሽ ይሳካልሽ።" አነበብኩት፣ አሁንም አነበብኩት። ታዋቂ ሲሆን ቁም ሣጥኑም እኔም አሳፈርነው ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ኩራቴ ደግሞ ከቁመቴ ይበልጣል። "እሺ። አመሰግናለሁ።" ብዬ መለስኩለት።

እሱ እኮ ሳምንቱን ሙሉ መልስ ሲጠብቅ ነበር። ሰምቼው ቆርጬ የጣልኩት መስሎት ነበር። አምስት ወር ሁለታችንም ተገፋሁ ብለን በየከተማችን ጥርሳችንን ነክሰን ኖርን። ያን እሑድ የገባኝ ይሄ ነው፤ ሲገባኝ ደግሞ ደስታውና ጸጸቱ ተያይዘው ስለመጡ የትኛውን ቀድሜ እንደምስም የትኛውን እንደምመታ አላወቅሁም።

* * *

ደወልኩ። ዝግ ነው። ጻፍኩ። መልስ የለም። ስልኩን ቢሮው እንደወሰደበት የሰማሁት ኋላ ነው።

እስከዚያው የራሙኔ ባዶ ወንበር ቪዲዮ አገር ለአገር ዞረ። ሦስት ዓመት ስለምነው የኖርኩት ሰው ሁሉ ሰኞ ጧት ደጄ ላይ ነበር። "ስድስት ቀን ቀረው" ብዬ ብለጥፍ አራት ሺህ ሰው ከሥሩ "ኮዙኤ ማን ናት?" ብሎ ይጠይቃል። ጠባቂው ሲናገር ድምፁን አወፍሮ ስለሆነ ማንም አላወቀውም ነበር። በመጨረሻ የተናገረው ግን በራሱ ድምፅ ነው፤ አንዱ "ይሄ ሃሩኦሚ ነው" አለ፣ ሌላው የሃሩኦሚን የድምፅ ቁራጭ አምጥቶ አነጻጸረ። ግማሹ ደግሞ ማስታወቂያ ነው፣ የተቀነባበረ ነው፣ ይቺ ፎጣ የምትባል ብልጥ ናት እያለ ይምላል።

ፋይሉን ከጌሙ ባጠፋው እውነት ነበር ይላሉ። ብተወው ይሰማል። ዝም ብል ዝምታዬን ይተረጉሙታል። ከጧት እስከ ማታ ክር እየቆረጥኩ የማስበው ይህንኑ ነው፤ በየትኛውም በኩል ብንቀሳቀስ የምረግጠው እሱን ነው። ማክሰኞ ሁለት ፎጣ መሃል ለመሃል ቀደድኩ።

እናቴ መስፊያዋን አቁማ አየችኝ። የሥራ ባልደረባዋ ልጅ ያንን ነገር በስልክ አሳይታት ኖሯል።

"ኮዙኤ የሚባል ሰው በዛ ልበል?" አለችኝ።

"የተለመደ ስም ነው" አልኳት።

"እንዳይለመድ ብዬ ነበር ያወጣሁልሽ" ብላ ወደ መስፊያዋ ተመለሰች። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት ብዬ ቀኑን ሙሉ ተቀየምኳት።

* * *

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ወርክሾፑ በር ላይ ጥቁር ሱፍ የለበሰች ሴት ቆመች። ጫማዋ ላይ አንድም የክር ብናኝ የለም፤ ለኛ ሰፈር ይሄ ባዕድነት ነው። ስሟ ወይዘሮ ኩራሞቺ መሆኑን፣ የሃሩኦሚ ኃላፊ መሆኗን ነገረችኝና ሁለት እጇን አነባብራ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችኝ።

"እርስዎን ለማስቸገር በመምጣቴ ይቅርታ" አለችኝ።

በሕይወቴ ማንም አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ከስድብ ይልቅ ሰውን የሚያርቅ ነገር እንዳለ ያኔ አወቅሁ። ማሽኖቹ ይጮኻሉ፤ እናቴ ከአራት ሜትር ርቀት አንገቷን ደፍታ ጆሮዋን አቅንታለች። ሴትዮዋን ወደ ማሸጊያው ጥግ ወሰድኳት። ሣጥን ላይ እንድትቀመጥ ብላት ቆማ ቀረች፣ እኔም ቆምኩ።

የመጣችው ልትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ነገሩን እንደ ሐኪም አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ቅዳሜ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የአኒሜሽኑ ተዋንያን በመድረክ ይተዋወቃሉ። ስለዚህ ወሬ መጠየቁ አይቀርም። ቢሮው አይደለሁም በል ብሎታል፤ እሱ ግን አልዋሽም ብሏል። ነኝ ካለ ቦታው በዚያው ምሽት ለተጠባባቂው ይሰጣል፤ እንደዚያ ሆኖ የወደቀ ሰው ደግሞ በዚህ ሙያ ሁለተኛ እንደማይጠራ እርስዎም ያውቁታል አለችኝ።

"ለምን አልዋሽም አለ?" አልኳት። የማውቀውን ነው የጠየቅሁት። ከሰው አፍ ልሰማው ፈልጌ ነው።

"አምስት ወር ሙሉ ሰምታ ንቃኛለች ብዬ ነበር፤ ለካ አልሰማችም፤ አሁን በሰማችበት ሰዓት እኔ አይደለሁም ልላት ነው? ይላል።" ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። "ስምንት ዓመት ሰው ሳሳድግ ኖሬያለሁ። እንደሱ ያለ ድምፅ ሁለተኛ አላገኝም። ልጁ ምክር የሚሰማው ከአንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም እርስዎ ነዎት።"

ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። በኔ ስም የተጻፈ ነው፣ በሚያምር ቋንቋ። በቅምሻው መጨረሻ የተሰማው ንግግር ለማስታወቂያ የታሰበ ነበር። ቃላቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮዙኤ ለጀግናዋ ያሰብኩላት ስም ነው። ተናጋሪው የሰፈሬ ልጅ ነው፣ ከማንም ታዋቂ ተዋናይ ጋር አይገናኝም። ተመልካቾችን ስላሳሳትኩ ይቅርታ። የሚጠበቅብኝም እስከ ነገ ቀን ስድስት ሰዓት እንድለጥፈው፣ ፋይሉን ከጌሙ እንድቆርጥ፣ ደብዳቤም ሆነ ስልክ እንዳልሞክር ነው። በቃ። አንድ ሰው ሊወድቅ ነው፤ ላድነው የምችለው የነገረኝን ቃል ማስታወቂያ ነው ብዬ ለዓለም በመንገር ነው።

"ይሄን ሲያነብ ምን ይላል?" አልኳት።

"ይናደድ ይሆናል። ግን መድረክ ላይ ወጥቶ የሚናገርለት ነገር አይኖረውም።"

ገባኝ። የምትፈልገው ያንን ነው። አውቃ ነው ፋይሉን ጌሙ ውስጥ የተወችው፣ ቃሌን ለገበያዋ አዋለችው ብሎ እንዲጠላኝ፤ ጠልቶኝ ዝም እንዲል። ወረቀቱን ተቀበልኳት። ከሄደች በኋላ የማሸጊያው ጥግ ግድግዳዎች አንድ አንድ እርምጃ ወደ እኔ የቀረቡ መሰለኝ።

* * *

ዓርብ ሩብ ጉዳይ ለስድስት መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ሳስተዋውቅ የኖርኩባት ክፍል ናት፤ ውሸቱንም እዚያው ብናገር አይከፋም ብዬ ነው።

ፋይሉን አስቀድሜ ቆርጬዋለሁ። ከመቁረጤ በፊት ሰባት ጊዜ ሰማሁት። ስምንተኛውን ተውኩት፤ ስምንተኛውን ብሰማ እጄ እንደማይታዘዘኝ አውቃለሁ።

የወረቀቷን ጽሑፍ ቃል በቃል ጻፍኩ። ሲያልቅ ጣቴ "ለጥፍ" ከሚለው ቁልፍ በላይ ቀረ። አላስችል አለኝ። ወይዘሮ ኩራሞቺ ከመለጠፌ በፊት አሳዩኝ ብላኝ ስለነበር፣ ከመጨረሻው መስመር በላይ አንድ ሌላ ነገር ጨምሬ ላክሁላት። እንዲህ ይላል፤

"ጀግናዋ ምን ብላ መለሰች ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። መልሷንም የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ጌሙ ውስጥ ግን አታገኙትም። 'ፋይሉን እስከ መጨረሻው ያልሰማሁት ችኩል ስለሆንኩ እንጂ ስላልፈለግሁ አይደለም። አሁን ሰማሁህ። እኔም።'"

ሁለት ደቂቃ ቆየች። ሁለት ደቂቃ ሙሉ የመጸዳጃ ቤቱን ማራገቢያ ስሰማ ቆየሁ። ከዚያ መልስ ጻፈችልኝ። "ጥሩ ነው። ማስታወቂያ መሆኑን ያጠናክራል።"

እውነት ገብቷት ነው ወይስ ሳይገባት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለጠፍኩት። የልቤን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመናገር የቢሮ ፈቃድ ያስፈለገኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ በሩን ከፍቼ ስወጣ አፌ ይስቅ ነበር።

* * *

ስድቡ የጀመረው ምሳ ሳልጨርስ ነው። አታላይ። የሰው እንባ ነጋዴ። አንዱ ደግሞ "በማስታወቂያ ትምህርት ቤቶች መማሪያ መሆን ያለባት ልጅ" ብሎ አሞገሰኝ፤ ከሁሉም ያናደደኝ እሱ ነው። ፎጣ ነጋዴዎቹ ሦስቱም መከተላቸውን አቆሙ።

ያልቻልኩት የራሙኔን ነው። በግል ጻፈችልኝ። ሌላ ጊዜ በምልክትና በሳቅ የሚሞላው መልእክቷ ያን ቀን ባዶ ነበር። "ጌምሽ ጥሩ ነው። ማስታወቂያ መሥራትም መብትሽ ነው። ግን እኔ በሰው ሁሉ ፊት ያለቀስኩት እውነት መስሎኝ ነው። ቢያንስ ለኔ ትነግሪኝ ነበር።"

"እውነት ነው" ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። "አንድ ቀን እነግርሻለሁ" ብዬ ጻፍኩ። እሱንም አጠፋሁት። በመጨረሻ የላክሁላት "ይቅርታ" የሚለውን ብቻ ነው። ከስልሳ አራት ሰው መሃል የሰማችኝ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷንም እንዳጣሁ ቁጭ ብዬ አየሁ። ስልኬን የፎጣ ክምር ውስጥ ቀበርኩት።

ቅዳሜ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናቴ ሳትጠራ ወደ ክፍላችን ወጣችና ከጎኔ ተቀመጠች። የምታጥፈው ፎጣ ይዛ ነው፤ ዝም ብላ እንዳልመጣች ለመምሰል። ስርጭቱን ከፈትኩ። ስድስት ተዋንያን ወንበር ላይ ተደርድረዋል፣ እሱ መሃል ነው። ከስቷል። ፀጉሩን አሳጥረውታል። ነጭ ሸሚዙ የሱ እንዳልሆነ ከአንገትጌው ያስታውቃል። አምስት ወር ያላየሁትን ፊት በስልክ ስፋት አየሁት።

"ረጅሙ ነው?" አለች እናቴ።

"ረጅሙ ነው።"

ፎጣዋን አጠፈች።

አስተዋዋቂው ቀልደኛ ነው። ስለ አኒሜሽኑ ጠየቀ፣ ስለ ልምምዱ ጠየቀ፣ ከዚያ ፈገግ ብሎ ወደሱ ዞረ። በዚህ ሳምንት ድምፅህን የሚመስል አንድ ድምፅ አገሩን ሲያስለቅስ ነበር፣ ሰምተኸዋል ወይ አለው። አዳራሹ ሳቀ። እኔ የእናቴን እጅ ይዣለሁ፤ መቼ እንደያዝኩት አላውቅም።

ሃሩኦሚ ማይኩን ወደ አፉ አቅርቦ ዝቅ አደረገው። ነኝ ሊል ነው አልኩ። ለኔ ብሎ ራሱን ሊጥል ነው፣ እኔ ደግሞ የጻፍኩት አልደረሰውም፣ ወይም ደርሶት ጠልቶኛል። እንደገና አነሣው።

"የጌሙን ሠሪ መግለጫ አንብቤያለሁ" አለ። "ሁሉንም ራሷ ጽፌዋለሁ ብላለች። ሠሪዋ ካለች የመጨረሻው ቃል የሷ ነው። እኔ ልጨምርበት አልችልም።"

አስተዋዋቂው እንደማዘን ብሎ፣ ታዲያ አንተ ተመልካች ሆነህ ስታየው ቅር አላለህም ወይ፣ የሰው ስሜት ላይ የተሠራ ማስታወቂያ ነበር እኮ አለው።

"አላለኝም" አለ። ካሜራውን አላየም። ከካሜራው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ነገር የሚያነብ ይመስል ነበር። "ጀግናዋ የመለሰችውን ወድጄዋለሁ። ሠሪዋን ባገኛት ያንን ብቻ ነበር የምላት። ደግሞ፣ ልጠብቅሽ ነበር የምላት።"

አዳራሹ አጨበጨበ፤ ጥሩ ቀልድ መስሏቸው ነው፣ ወይም ጥሩ ሰው መስሏቸው ነው። አስተዋዋቂው ወደ ቀጣዩ ተዋናይ አለፈ። ያ ወንበር ላይ ያለው ልጅ ግን ጆሮው እስከ ጫፉ ቀልቶ ነበር፤ ያንን ያየነው እኔና እናቴ ብቻ ነን።

እናቴ እጇን ከእጄ አላቀቀችና ፎጣዋን አነሣች። "ስንት ጊዜ ነው የሚጠበቀው?" አለችኝ።

"ሦስት ዓመት። ስምንት ወሩ አልቋል።"

"ታዲያ ነገ ጌምሽ ይወጣ የለ? ተነሺና ሰው ጥሪ" ብላ ወደ ታች ወረደች።

ተነሣሁ። አንድ ሥዕል መረጥኩ፣ "አንድ ቀን ቀረው" ብዬ ከሥሩ ጻፍኩ፣ ለጠፍኩ። የመጀመሪያው መልስ ሳይዘገይ መጣ። "ደግሞ በምን ልታታልዪን ነው?" ይላል። መልስ አልሰጠሁትም። ውሸቱ አሁን ከውጭ ተቆልፏል፤ ራሙኔ ልትከፍተው አትችልም፣ እኔም አልከፍተውም፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ማንም አይከፍተውም። ከውስጥ ግን የሌላ ሰው ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር፤ ቅርብ ነው፣ እንደኔው ድምፁን አጥፍቶ ይተነፍሳል። እዚያው ጨለማ ውስጥ ደስ አለኝ፣ እስኪያመኝ ድረስ።